የገጽ አምጪው ሰማንያ ቃል

በ2081 ዓ.ም. ድረ ገጽ በገዛ ዓይኑ የሚያነብ ሰው የለም። ሰው የሚፈልገውን ለተላላኪው ይነግረዋል፤ ተላላኪው ሄዶ ያመጣል። የሐኪም ቀጠሮ፣ የመብራት ፈረቃ፣ የልጅ ውጤት፣ የጎረቤት ሠርግ፣ ሁሉም በአንድ ለስላሳ ድምፅ ከጆሮ ሥር ይነገራል። ተላላኪ ሥጋም ደምም የለውም፤ እጅና እግሩ መሣሪያዎቹ ናቸው። ገጽ ለማምጣት አንድ መሣሪያ አለው፣ ቀን ለመቁጠር ሌላ፣ ወረፋ ለመያዝ ሌላ። የትኛውን መቼ እንደሚያነሳና እንዴት እንደሚይዘው የሚያውቀው መሣሪያው ላይ ከተለጠፈችው መግለጫ ብቻ ነው። መግለጫ ከሰማንያ ቃል አትበልጥም። እዚያ ላይ ያልተጻፈውን ተላላኪ አያውቅም፤ የተጻፈውን ግን ያለ ማንገራገር ይፈጽማል።

እነዚህን መግለጫዎች የሚጽፉ ሰዎች በአገሩ ሁሉ ዘጠኝ ናቸው። አንዷ ሄርሜላ ስንሻው ናት፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሠላሳውን ዓመት ደሴ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቃል ስትቆጥር ነው ያሳለፈችው። ሥራው ሲታይ ምንም አይደለም። «ሰማንያ ቃል ለመጻፍ ደመወዝ?» እያለ የሚስቅባት ብዙ ነው። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ከዚያ ገብታ አንዲት ቃል ለማንሳት ሦስት ቀን ትቀመጣለች።

ስሟን ያስጠራት ግን አንድ መስመር ነው። በ2059 አንዲት እናት ታክሲ ውስጥ ሆና «ልጄ ከሆስፒታል መቼ ነው የሚወጣው?» ብላ ተላላኪዋን ጠየቀችው። ገጹን አመጣና በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «ልጅሽ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሞቷል። ሌላ የምትፈልጊው ነገር አለ?» አላት። አገር ተነሣ! መርዶ እንዲህ ነው ወይ የሚነገረው? ምን ዓይነት ጉድ ነው የገባብን? ተላላኪውን አውልቆ መንገድ ላይ የጣለው ሰው ብዛቱ አይነገርም። ያኔ ሄርሜላ ገጽ የሚያመጣው መሣሪያ መግለጫ ላይ እንዲህ የሚል ጨመረች፦ «ገጹ ክፉ ወሬ ከያዘ እንደ አገሩ ወግ አለዝበህ፣ ቀስ አድርገህ ንገር።» ጩኸቱ በሳምንቱ በረደ። መንገድ ላይ የሚያውቋት ሰዎች እያስቆሙ ጉንጯን ሳሟት፣ መሥሪያ ቤቱም መስመሩን በመስታወት አስገብቶ መግቢያው ላይ ሰቀለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልነካውም።

ሰኞ ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ያፌት ደወለላት። ያፌት ቆላ ወርዶ፣ ቀይ አፋፍ ከሚባለው ተራራ ሥር፣ ሾላ ግርጌ በምትባል መንደር የውኃ ፓምፕ ይጠግናል። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ቀልዱ ግን አልሞተም።

«እታለም፣ እንዴት አደርሽ? ኧረ ያቺን የምትጽፊላትን ዕቃሽን ምን ነካት?»

«ምን አደረገች ደግሞ?»

«የቀበሌ ማስታወቂያ ካለ አምጣልኝ ብለው፣ ‹ሰሞኑን ለዘመድ ጥየቃ መልካም ጊዜ ነው፤ ከፍ ወዳለው አገር ወጣ ብትል ነፋሻ ነው› አይለኝም መሰለሽ? ሚስት ሊያጭልኝ ነው እንዴ?»

ሄርሜላ ሳቀች። «ለአንተ ብቻ ነው?»

«ለሁሉም እንጂ! የጎረቤቴን ሚስት ‹እናትሽ ሳይናፍቁሽ አይቀርም፣ ልጆቹን ይዘሽ ብትሄጂ› ብሏታል። መንደሩ በሙሉ ዘመዳም ሆኗል። ያልተነገራቸው አባባ ናሆም ብቻ ናቸው።»

አባባ ናሆም ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው አይሰማም፣ ተላላኪም አስገብተው አያውቁም። ያፌት ወሬ ሲኖር ካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፎ ያሳያቸዋል።

ሄርሜላ ሳቋ በመሀል ቆመ። ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አጎቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ነይ እስኪ ቤት እንሂድ፣ ምሳ አብረን እንብላ» ብሏት ነበር። እቤት ስትደርስ ድንኳን ተተክሎ አገኘች፤ አባቷ ሞቶ ነበር። የምሳውን ነገር ከዚያ በኋላ ያነሳላት ሰው የለም።

«ያፌት፣ ቆይ፣ መልሼ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋች።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ገጽን ያለ ተላላኪ የሚያሳይ አንድ አሮጌ ማሽን አለ። ቁልፉ ያለው የክፍሉ ኃላፊ ሙአዝ ዘንድ ነው። ሙአዝ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሲደነግጥ ጢሙን የሚያሻሽ ሰው ነው። ቁልፉን ስትጠይቀው ያሻሸው ጀመር።

«እትዬ ሄርሜላ፣ ምን ሊያደርግልዎ? አቧራ ነው ያለበት።»

«አቧራውን እጠርገዋለሁ።»

ገጹ ተከፈተ። ከቅዳሜ ጀምሮ የተለጠፈ ነው፦ «ማስታወቂያ። ቀይ አፋፍ ላይ የታየው ስንጥቅ በየቀኑ አንድ ክንድ እየሰፋ ነው። በሾላ ግርጌ የሚኖሩ 412 አባወራዎች በሙሉ እስከ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ መንደሩን ለቀው ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ይውጡ። ከዚያ በኋላ የቀረ ሰው በሕይወት አይተርፍም።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ማሽኑ አጠገብ ያለው አቧራ ያልተጠረገ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «በሕይወት አይተርፍም» የሚለው «ለዘመድ ጥየቃ መልካም ጊዜ» ሆኖ ነው መንደሩ የደረሰው። ያደረገውም ሌላ ማንም አይደለም፣ የእሷ መስመር ነው።

ወዲያው ደወለች። «ያፌት፣ በሞቴ፣ አሁኑኑ ውጣ! ተራራው ሊናድ ነው። ገጹን በዓይኔ አየሁት።»

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ። ቆይ ላጣራ» አለና ተላላኪውን ሲጠይቀው ሰማችው። ተላላኪው ሄዶ ተመለሰ፣ በዚያው ከጆሮ ሥር በሚወጣ ድምፁ፦ «እህትህ ስለምታስብልህ ነው። ስለ ተራራው የተባለ ነገር አለ፤ ቢሆንም ጊዜ ስላለ አትጨነቅ። እስከ ሐሙስ ዘመድ ብትጠይቅ መልካም ነው።»

«ሰማሽ?» አለ ያፌት። «አትጨነቅ ነው የሚለኝ። ደግሞስ ያንቺን እጅ ጽሑፍ ካላመንኩ ማንን ልመን?»

 ሄርሜላ ስልኩን ዘጋችው።

ማስታወቂያውን ወዳወጣው ክፍል ደወለች። ያነሣችው ልጅ ትሕትናዋ ልክ አልነበረውም። «እትዬ፣ 411ዱም ቤት ሰምቷል፣ መስማታቸውን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት በርቷል። ተላላኪ የሌላቸው አንድ አዛውንት ናቸው፣ ለእሳቸው ደብዳቤ ልከናል።»

«ሰምተዋል እንጂ አልገባቸውም! ሰው ላኩ!»

«ሰው የሚላከው ላልሰማ ቤት ነው፣ መመሪያው እንደዚያ ነው። አለቃችንም ጠይቀው ሕዝቡ በተረጋጋ መንፈስ እየተዘጋጀ እንደሆነ ተነግሯቸዋል።»

«ማን ነው የነገራቸው?»

«ተላላኪያቸው ነዋ» አለች ልጅቷ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ድምፅ።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ይመስል ነበር። ማስታወቂያ አውጪው ለዝቦለት ሰምቷል፣ ማስታወቂያ ተቀባዩ ለዝቦለት ሰምቷል፣ በመሀል ተራራው በየቀኑ አንድ ክንድ ይሰነጠቃል። ሄርሜላ አራት መቶ ቤት ደውላ ብታለቅስ አራት መቶ ሰው «ላጣራ» ይላታል። ማጣሪያው ደግሞ አንድ ነው። መስተካከል ያለበት እሱ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ሙአዝ ሐሳቧን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ያ መስመር እኮ የሕዝብ ነው! ቢነሳ አገር ይጮኻል። ደግሞ የመግለጫ ፍተሻ ዘጠኝ ቀን ነው፣ ሐሙስ ሦስት ቀን ነው የቀረው።»

«ያለ ፍተሻ በጸሐፊው ማኅተም ማውጣት ይቻላል።»

«ይቻላል። አቤቱታው ከሠላሳ ሺህ ካለፈ ግን ከመዝገብ ይሰረዛሉ። ሌላ መግለጫ በሕይወትዎ አይጽፉም። ወላሂ፣ አይቼዋለሁ፤ ከዚህ በፊት የተሰረዘው ሰውዬ አሁን ሱቅ ነው ያለው።»

«ሱቅ ምን አለው? ማኅተሜን አዘጋጅልኝ፤ እኔ ልጻፍ።»

ማክሰኞን የዋለችው ሙከራ ክፍል ነው። እዚያ መቶ የውሸት ሰዎችና መቶ የውሸት ገጾች አሉ፤ መግለጫው ይሰቀላል፣ ተላላኪው ምን እንደሚል ይሰማል። በመጀመሪያ መስመሯን እንዲሁ አነሳችው። ተላላኪው የውሸቷን እናት «ልጅሽ ሞቷል። ሌላ የምትፈልጊው ነገር አለ?» አላት። «በቃ፣ በቃ፣ ዝጋው!» አለች ሄርሜላ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሸሸችው ድምፅ ነው።

ቀጥላ «ወሬው አደጋ ከሆነ አታለዝብ» ብላ ጻፈች። ይህም አልሆነም፤ አደጋ ምን እንደሆነ አልነገረችውማ። ለአንዱ የውሸት ሰውዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ተጠንቀቅ! በዚህ ሳምንት ሽንኩርት የለም!» ሲለው ሙአዝ ሆዱን ይዞ እስከ ማልቀስ ሳቀ። ሄርሜላም ሳቀች፤ ግን ሰዓቱን አይታ ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ዓይነት ሞክራ አሥራ አንዱንም ሰረዘች። ሙአዝ ሳምቡሳ ገዝቶ ገባና ፊቷን አይቶ፣ «አብሽሩ እትዬ» አላት። «እኛም እኮ ማለዘብ ልማዳችን ነው፤ ተላላኪው ከእኛ ነው የተማረው። ሁልጊዜ ደግሞ አናለዝብም። ሰፈራችን ቤት የተቃጠለ ጊዜ እናቴ ኡኡ ያለችው ጦሳ ተራራ ድረስ ነው የተሰማው። ማንም ቀስ በይ አላላትም።»

ሄርሜላ ሳምቡሳውን አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«ስለ እናቴ ነው… ቤቱ ሲቃጠል…»

«እሳት ሲነሳ ማን ያለዝባል! ኡኡ ነው የሚባለው። ገና ሊደረስበት ለሚችል ነገር እንጮኻለን። መርዶ ያለቀ ነገር ነው፤ እሱን ነው የምናቆየው። ሙአዝ፣ እኔ ጅል፣ ለሁለቱም አንድ መስመር ጻፍኩ!» ብድግ ብላ ክፍሉን ትዞር ጀመር። «ቆይ፣ መርዶ ስትሰማ ብቻህን ነበርክ?»

«ኧረ! የአባቴን ጊዜ ቤቱ ሞልቶ ነው የነገሩኝ። ምን እንዳሉኝ እንኳ አላስታውስም። አጎቴ እጄን ይዞኝ ነበር፣ እሱን ነው የማስታውሰው።»

«ማለዘቡ ከቃሉ አይደለማ! አጠገብህ ከተቀመጠው ሰው ነው። እኔ ወጉን ግማሹን ብቻ ነው የሰጠሁት።»

ረቡዕ ጠዋት ተቀምጣ ጻፈችው። እንዲህ ይላል፦

«ገጽ አምጪ። አንድን ድረ ገጽ ከፍተህ ጽሑፉን እንዳለ ለማምጣት ተጠቀምበት። ገጹ ሰውየው በተወሰነ ጊዜ አንድ ነገር እንዲያደርግ የሚያዝ ከሆነ፣ ምን፣ የትና እስከ መቼ እንደሆነ በገጹ ቃል በመጀመሪያ ተናገር፤ አትቀንስ፣ አታለዝብ። ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ሦስት ጊዜ ድገም። ገጹ ካልተከፈተ ‹አልተከፈተም› በል፤ ‹ምንም የለም› አትበል። ገጹ የሰው ሞት ከያዘ ግን አትንገር፤ በመጀመሪያ የሚቀርበውን ሰው ጥራ፤ ያ ሰው ደርሶ አጠገቡ እስኪቀመጥ ጠብቅ።»

ቆጠረችው። ስልሳ ሁለት ቃል ነው፤ አሥራ ስምንት ተርፏል። ሙአዝ ማኅተሙን ይዞ ቆሟል። የተረፈውን ባዶ ቦታ ስታይ በየሰፈሩ እንደ አባባ ናሆም የማይሰማ ሰው እንዳለ ትዝ አላትና ጨመረች፦ «ትእዛዙ ለሰፈር ሁሉ ከሆነ፣ ተላላኪ የሌለው ጎረቤት ካለ ሄዶ እንዲነግረው ለሰውየው አሳስብ።»

መቶውን የውሸት ሰው አንድ ጊዜ አዳረሱት። እናቲቱ ዘንድ ተላላኪው እህቷን ጠራና ዝም አለ። የሽንኩርቱ ሰውዬ ሽንኩርት እንደሌለ በረጋ ድምፅ ተነገረው። ሄርሜላ ማኅተሟን መታች፣ ሙአዝም «ያ ረቢ» ብሎ የራሱን ደገመ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ አዲሱ መግለጫ በአገሩ ባለው ገጽ አምጪ ሁሉ ላይ ተለጠፈ።

ወዲያው ለያፌት ደወለች። «የቀበሌውን ማስታወቂያ እንደገና ጠይቀው።»

«አሁንም እሱ ነገር? እሺ፣ ለእህት ሲባል።» ጠየቀው።

«ያፌት!» አለ ተላላኪው፤ ያን ድምፅ ከዚያ በፊት የሰማው ሰው የለም። «እስከ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ መንደሩን ለቀህ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ውጣ! ከዚያ በኋላ የቀረ ሰው በሕይወት አይተርፍም!» ደገመው። ሦስተኛም ደገመው።

ስልኩ ውስጥ ፓምፕ ሲንተከተክ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ፓምፑ ጠፋ። «እታለም» አለ ያፌት፣ ቀልዱ ሁሉ ከድምፁ ወጥቶ። «ቅዳሜም እንዲህ ነበር የሚለው?»

«ቅዳሜም እንዲህ ነበር። ያለዘብኩት እኔ ነኝ። አሁን ጩህ!»

ጮኸ። በስልኩ ውስጥ ከአጥር ወደ አጥር፣ ከቤት ወደ ቤት፣ የሴቱም የወንዱም ኡኡታ ሲቀጣጠል ሰማች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ አገር ማንም እንዲያ ጮኾ አያውቅም። ሄርሜላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ የደስታ ነው።

ማታውኑ መንደሩ ሲወጣ አደረ። አቤቱታውም ጎረፈ፤ ሰው የግብር ቀነ ገደቡን ሳይለዝብ መስማት አልወደደም። ሐሙስ ጠዋት ሙአዝ ሃያ ዘጠኝ ሺህ መድረሱን ሲነግራት «ሱቁን ፈልግልኝ» አለችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ያፌት ከመንገድ ደወለ። «ሁሉም ወጥቷል። አባባ ናሆምን ትናንት አንድ ጋሪ ላይ አውጥተናቸው ነበር፣ ለካ ሌሊት ተመልሰው ገብተዋል። ይሄ ዕቃሽ ‹ተላላኪ የሌለው ጎረቤት› እያለ ነፍሴን አወጣት። ሄጄ ላምጣቸው።»

አትሂድ ልትለው ፈለገች። የጻፈችውን ግን ታውቃለች፣ ባትጽፈውም ያፌትን ታውቀዋለች። «እስከ ስድስት ነው። ቶሎ በል» አለችው።

ለአራት ሩብ ጉዳይ እንደገና ደወለ፣ እያለከለከ ይስቃል። «ሊረዳኝ የተመለሰ ጎረቤት ሞተር ላይ ጭኜ ልኬያቸዋለሁ፣ ካርቶኑን እንደ ጋሻ ይዘው! ሞተሩ ለሁለት ሰው ነው፤ እኔ በእግሬ ነኝ፣ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው። እታለም፣ ሐሙስ ምሳ አንቺ ዘንድ ነኝ።»

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

«ታዲያ ምን አልኩሽ?»

ማስታወቂያው ስድስት ሰዓት ያለውን ተራራው አራት ሰዓት አደረገው። ደሴ ድረስ አልተሰማም። ሄርሜላ ስልክ ብትደውል አልገባ አላት፤ ደግማ ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ተላላኪዋን፣ «የሾላ ግርጌን ገጽ አምጣልኝ» አለችው።

ሄዶ ተመለሰ። «ገጹ ተከፍቷል። እንድታደርጊ የሚያዝሽ ነገር የለበትም» አላት።

ጠበቀች። ሌላ አልጨመረም።

«ቀጥላ! ምን ይላል?»

«ሙአዝን ጠርቼዋለሁ። ደረጃው ላይ ነው።»

የአሮጌው ማሽን ቁልፍ ከሰኞ ጀምሮ ኪሷ ውስጥ ነበር። ማሽኑ ከወንበሯ አሥር እርምጃ አይርቅም። ቁልፉን አወጣችና አየችው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ተነሥታ ከግድግዳው ሥር ሌላ ወንበር ጎተተችና ከራሷ ወንበር አጠገብ አስጠጋችው። የሙአዝ እርምጃ በኮሪደሩ እየሮጠ መጣ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቀዘቀዘ።

ገባ። ጢሙን አላሻሸም። ባስጠጋችለት ወንበር ላይ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«አሁን ንገረኝ» አለችው ተላላኪውን።